«ሰላም ወንድሜ፣ ፕሮሰስ ጀምረሃል?»፦ በስልክ የሚመጣው እንግዳ ሰው እና የውጭ ጉዞ ተስፋ

የካቲት 5 ቀን 2017 ዓ.ም ዲኬቢኤ በሚል ምህጻር የሚታወቀው የካረን ታጣቂ ቡድን ከምያንማር ድንበር ወዲህ 260 ሰዎችን ለታይላንድ ወታደሮች አስረከበ። ሰዎቹ ከ20 አካባቢ አገራት የተሰበሰቡ ናቸው። ከነዚህ ውስጥ 138ቱ ኢትዮጵያውያን ነበሩ። ከግማሽ በላይ ማለት ነው። በአንድ ሩቅ ድንበር፣ ብዙዎቻችን በካርታ ላይ ፈልገን እንኳ በማናገኘው ቦታ፣ ከተያዙት መካከል ከየትኛውም አገር ዜጋ ይልቅ የበዛው የኛ ልጅ ነው።

ያን ሰሞን በየገጹ ስር የተጻፈውን አስተያየት ታስታውሱ ይሆናል። «ምን ሊሰሩ ሄዱ?»፣ «እንዴት ሰው እንዲህ ይሞኛል?»፣ «ስንት ጊዜ ተነገራቸው?» የሚል ነበር በብዛት። እኛ ግን ጥያቄው ሌላ መሆን አለበት እንላለን። እነዚህ ልጆች በአብዛኛው ከአዲስ አበባ ተጠልፈው አልተወሰዱም። ፓስፖርት አውጥተው፣ ትኬት ተቆርጦላቸው፣ ቦሌ ላይ ቤተሰብ አቅፎ ስሞ ሸኝቷቸው በሰላም ነው የወጡት። ታዲያ እስከ ቦሌ ያደረሳቸው ማነው? በብዙዎቹ ታሪክ ውስጥ መልሱ አንድ ነው፦ በአካል አይተውት የማያውቁት፣ በቴሌግራም ወይ በፌስቡክ የተዋወቁት ሰው።

ዛሬ ማውራት የፈለግነው ስለዚህ ሰው ነው።

መጀመሪያ መንገዱን እንይ፣ ምክንያቱም ነገሩ የሚገባን እዚያ ነው። ማስታወቂያው ታይላንድ ውስጥ ስራ አለ ይላል። ዳታ ኢንትሪ፣ የደንበኞች አገልግሎት፣ ዲጂታል ማርኬቲንግ። እንግሊዝኛ የሚችል፣ ኮምፒውተር የሚነካ፣ ደመወዝ በዶላር፣ ማደሪያና ምግብ በድርጅቱ። ከአዲስ አበባ ባንኮክ ቀጥታ በረራ አለ። ኢትዮጵያውያን ታይላንድ ሲደርሱ ለ15 ቀን የሚያገለግል የቱሪስት ቪዛ ሲያገኙ ቆይተዋል፤ ስለዚህ ኤምባሲ መመላለስ፣ ቃለ መጠይቅ፣ የባንክ ስቴትመንት የሚባል ጣጣ የለም። አየር ማረፊያ ሹፌር ይጠብቃል። ሹፌሩ ግን ወደ ባንኮክ ከተማ አይሄድም። ወደ ሰሜን ምዕራብ ወደ 500 ኪሎ ሜትር ይነዳል። ሜ ሶት የምትባል የድንበር ከተማ ይደርሳል። ከዚያ ሞኢ የሚባለውን ወንዝ በጀልባ መሻገር ነው። ማዶው ምያንማር ነው፣ ምያዋዲ አካባቢ። በግንብና በጠባቂ የታጠረ ግቢ። ፓስፖርት ይወሰዳል። ስራው እዚያ ይጀመራል።

ስራው ምንድን ነው? እዚህ ላይ ቆም በሉ። ስራው በኢንተርኔት እንግዳ ሰው መሆን ነው። የቆንጆ ሴት ወይ የሀብታም ነጋዴ ፎቶ የተለጠፈበት አካውንት ይሰጥሃል፤ አሜሪካ፣ አውሮፓ፣ ህንድ ወይ ሌላ አገር ላለ ብቸኛ ሰው «ሃይ» ብለህ ትጽፋለህ፤ ለሳምንታት ታወራዋለህ፤ ሲያምንህ የውሸት የክሪፕቶ ኢንቨስትመንት ታስገባዋለህ። የቀን ኮታ አለ። ኮታውን ያልሞላ ይደበደባል፣ በኤሌክትሪክ ይነዘራል፣ ምግብ ይከለከላል። ይህን ከግቢዎቹ የወጡ ሰዎች ለዓለም አቀፍ መገናኛ ብዙኃን ደጋግመው ተናግረዋል። መውጣት ከፈለግህ በሺህ የሚቆጠር ዶላር ክፈል ትባላለህ። ካልቻልክ ሌላ ምርጫ አለ፦ በምትክህ ሰው አምጣ።

ይሄ የመጨረሻው ነገር ነው ብዙ ያልተወራለት። «በምትክህ ሰው አምጣ» ማለት ምን ማለት ነው? ልጁ ስልኩ ውስጥ ያሉትን ሰዎች ያያል። የዩኒቨርሲቲ ጓደኛ፣ የሰፈር ልጅ፣ የቴሌግራም ግሩፕ አባል። በአማርኛ ወይ በኦሮምኛ ወይ በትግርኛ ይጽፋል። «ሰላም ወንድሜ፣ እኔ ታይላንድ ነኝ፣ ስራው ጥሩ ነው፣ አሁን ሰው እየፈለጉ ነው።» ፎቶም ይልካል። ፎቶው እውነተኛ ነው፤ ባንኮክ የደረሰ ቀን የተነሳው ይሆናል። ስለዚህ ከስክሪኑ ጀርባ ያለው ደላላ ሁልጊዜ ሲጋራ እያጨሰ የሚስቅ ክፉ ሰውዬ አይደለም። አንዳንዴ ዱላ ከጀርባው የቆመበት፣ የራሱን ነጻነት በሌላው ለመለወጥ የተገደደ የ24 ዓመት ልጅ ነው። ይሄ ጥፋቱን አያጠፋውም። ግን «ሰውየው አማርኛው ንጹህ ነው፣ ሰፈሬን ያውቃል፣ ስለዚህ ታማኝ ነው» የሚለውን መመዘኛችንን ዋጋ ያሳጣዋል። አማርኛው ንጹህ የሆነው የኛው ልጅ ስለሆነ ነው።

የቁጥሩን ስፋት ለማሳየት ያህል፦ የተባበሩት መንግሥታት የሰብአዊ መብት ቢሮ በነሐሴ 2015 ባወጣው ሪፖርት በምያንማር ቢያንስ 120 ሺህ፣ በካምቦዲያ ደግሞ ወደ 100 ሺህ የሚጠጉ ሰዎች በዚህ የኦንላይን ማጭበርበር ስራ በግዳጅ ተይዘው ሊሆን እንደሚችል ገምቷል። ይህ ከሆነ በኋላ ዓለም ዞር ብሎ ያየው አንድ ቻይናዊ ተዋናይ በፊልም ስራ ስም ታይላንድ ተጠርቶ ምያዋዲ ሲገኝ ነው፤ በጥር 2025 (እ.ኤ.አ) መጀመሪያ። ዋንግ ሺንግ ይባላል። እሱ በቀናት ውስጥ ወጣ። ቻይና ስትጮህ ታይላንድ ጥር 28 ቀን 2017 ዓ.ም ወደ ድንበሩ ማዶ የሚሄደውን መብራት፣ ኢንተርኔትና ነዳጅ ቆረጠች። ከሳምንት በኋላ ነው የኛዎቹ 138 ሰዎች የወጡት። በሌላ አነጋገር የኛ ልጆች በር የተከፈተው ለነሱ ተብሎ አይደለም። ያማል፣ ግን እውነቱ ይሄ ነው። በተከታዮቹ ሳምንታት ወደ 7 ሺህ የሚጠጋ ሰው ከግቢዎቹ ወጥቶ ድንበሩ ላይ ተከማቸ፤ ታይላንድ ደግሞ አገራቸው መጥቶ ካልወሰዳቸው አላስገባም አለች። መንግሥታቸው ቶሎ አውሮፕላን የላከላቸው ሄዱ። ሌሎቹ ጠበቁ።

ነገሩ በዚህም አላበቃም። በጥቅምት 2018 የምያንማር ጦር ኬኬ ፓርክ የሚባለውን ትልቁን ግቢ ሲወርር ከ1,500 በላይ ሰዎች ወንዙን ተሻግረው ወደ ታይላንድ ሸሹ። በዚያው ወር የአሜሪካ ፍትሕ ሚኒስቴር በካምቦዲያ የሚንቀሳቀሰውን የፕሪንስ ግሩፕ ሊቀመንበር ከሰሰ፤ ወደ 15 ቢሊዮን ዶላር የሚገመት ቢትኮይን ለመውረስም ጠየቀ። 15 ቢሊዮን! ኮታ ያልሞላ ልጅ የሚደበደበው በዚህ ኢንዱስትሪ ውስጥ ነው።

እሺ፣ አሁን ወደ ቤታችን እንመለስ። ይህን ሁሉ ሰምቶም ሰው ለምን ለማያውቀው ሰው መልስ ይጽፋል?

«የማያውቁት አገር አይናፍቅም» ይል ነበር ያገራችን ሰው። ዛሬ ተረቱ አይሰራም። ስልኩ የማያውቁትን አገር ያናፍቃል። ቲክቶክ ላይ የቶሮንቶን በረዶ፣ የዱባይን ሱቅ፣ የዋሽንግተንን ሀበሻ ሬስቶራንት በየምሽቱ የሚያይ ልጅ አገሩን አያውቀውም ማለት አይቻልም፤ የመግቢያውን በር ነው የማያውቀው። ኑሮው ደግሞ አለ። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም የውጭ ምንዛሪው ሲለቀቅ ዶላር በባንክ ከ57 ብር አካባቢ ተነስቶ በወራት ውስጥ ከ120 ብር አለፈ። ደመወዝ በዚያ ልክ አልጨመረም። ትናንት 150 ዶላር የነበረ ደመወዝ በአንድ ወቅት ውስጥ ግማሹ ሲሆን፣ «በወር 1,000 ዶላር» የምትል አንድ መስመር ማስታወቂያ ምን ያህል እንደምትከብድ አስሉት።

ሌላም አለ፣ እና ይሄ እኛ ዋናው ነው የምንለው። አገራችን በውጭ አገር ስራ ስምሪት በሕግ የከፈተቻቸው መስመሮች በአብዛኛው ወደ መካከለኛው ምስራቅ ናቸው። ከሳውዲ አረቢያ፣ ከዮርዳኖስ፣ ከኳታር፣ ከተባበሩት አረብ ኤምሬትስ ጋር ስምምነት አለ፤ በነዚህ መስመሮች በብዛት የሚሄዱት የቤት ሰራተኞች ናቸው። ዲግሪ ያለው፣ እንግሊዝኛ የሚናገር፣ አካውንቲንግ ወይ አይቲ የተማረ ልጅ በዚህ መስመር ውስጥ ቦታ የለውም። ማን ያናግረው? ኤጀንሲ አያናግረውም። ኤምባሲ አያናግረውም። ሚኒስቴር መስሪያ ቤቱ «በሕጋዊ መንገድ ብቻ ሂዱ» ይለዋል፤ የቱ ሕጋዊ መንገድ ለሱ እንደሚሆን ግን የሚነግረው የለም። በዚህ ክፍተት ውስጥ «ሰላም ወንድሜ» የሚል ሰው ሲመጣ፣ በዓመታት ውስጥ ስለ ጉዳዩ በትዕግስት ያናገረው የመጀመሪያው ሰው እሱ ነው። የምያዋዲ ማስታወቂያ «ለእንግሊዝኛ ተናጋሪ ምሩቃን» ተብሎ የተጻፈው በአጋጣሚ አይመስለንም።

ከዚህ ላይ ደግሞ የራሳችን ባህል ይጨመራል። ፕሮሰስ የጀመረ ሰው አይናገርም። ታውቁታላችሁ። «እግሬ ከአገር እስኪወጣ ለማንም አልናገርም» ነው። ምቀኛ አለ፣ ዓይን አለ፣ ካልተሳካ ደግሞ መሳቂያ መሆን አለ። አብሮት የሚተኛ ወንድሙ ሳይሰማ ቪዛ የመታ ስንት ሰው እናውቃለን። ጎረቤቱ «የት ገባ?» ሲል «ካናዳ ከገባ ሁለት ወር ሆነው» የሚባልበት አገር ነው። ይህ ዝምታ የራሱ ምክንያት ስላለው አንቀልድበትም። ግን አጭበርባሪ ይህን ከኛ በላይ ያውቃል። «ለሰው እንዳትናገር፣ ቦታው ጥቂት ነው» ሲል ልጁ አይደነግጥም። እናቱም ያንኑ ነው የምትለው። ሌላ አገር ቢሆን ይህ ዓረፍተ ነገር የማስጠንቀቂያ ደወል ነበር፤ እኛ ጋ ምክር ይመስላል። እና ሁሉም ነገር በሁለት ሰው መካከል ይቀራል፦ በልጁና በማያውቀው ሰው። «ቆይ እስቲ፣ የቱሪስት ቪዛ ይዘህ እንዴት ስራ ትሰራለህ?» ብሎ የሚጠይቅ ሦስተኛ ሰው የለም።

ብሩ ራሱ የሚወጣበት መንገድ ምስጢሩን ያጠናክረዋል። ዕቁብ ቀድሞ ይወጣል፣ በሬ ይሸጣል፣ አክስት ትበደራለች። ብር የሚገባበት የባንክ ሂሳብ ስም ደግሞ ከሚያወራው ሰው ስም ጋር አይገጥምም። «የወንድሜ ነው»፣ «የኦፊስ ጸሐፊ ናት» ይባላል። በኋላ ፖሊስ ጋ ሲኬድ የተገኘው ሰው «ሂሳቤን አውሰኝ አሉኝ እንጂ አላውቃቸውም» ይላል።

ሁለተኛው ዓይነት እንግዳ ሰው በፍቅር ስም የሚመጣው ነው። እዚህ ላይ ትንሽ ጥንቃቄ እናድርግ። በኢንተርኔት ተዋውቀው ተጋብተው፣ ልጅ ወልደው በሰላም የሚኖሩ ብዙ ናቸው፤ ዳያስፖራው ውስጥ በየሰርጉ «በፌስቡክ ነው የተዋወቁት» ሲባል የሚገርመው ሰው የለም። ችግሩ መተዋወቁ ላይ አይደለም። ችግሩ አንደኛው ወገን ሕጉን ሲያውቅ ሌላኛው በተስፋ ብቻ ሲራመድ ነው።

ለምሳሌ የአሜሪካን የእጮኛ ቪዛ (ኬ-1 የሚባለውን) ውሰዱ። ማመልከቻውን የሚያስገባው የአሜሪካ ዜጋው ነው። ግሪን ካርድ ብቻ ያለው ሰው እጮኛ በዚህ ቪዛ መጥራት አይችልም። ማመልከቻው ከመግባቱ በፊት ባሉት 2 ዓመታት ውስጥ ሁለቱ ሰዎች በአካል ተገናኝተው መሆን አለባቸው፤ ከጥቂት ልዩ ሁኔታዎች በቀር። ስለዚህ «ፕሮሰስሽን ጀምሬልሻለሁ» የሚል፣ ግን አንድ ቀን እንኳ አዲስ አበባ መጥቶ ያላያት ሰው ምን ጀመረ? ገብታ ደግሞ በ90 ቀን ውስጥ ከዚያው ካመለከተላት ሰው ጋር መጋባት አለባት። ሌላ ሰው አግብታ እዚያው መቅረት በዚህ ቪዛ አይቻልም።

ብዙ እህቶቻችን የማያውቁት ሌላ ነገር አለ። እ.ኤ.አ በ2006 መጀመሪያ በጸደቀ የአሜሪካ ሕግ መሠረት ለእጮኛ ቪዛ የሚያመለክት ዜጋ በቤት ውስጥ ጥቃትና በመሳሰሉ ወንጀሎች ተፈርዶበት ከሆነ ያን ማሳወቅ ግዴታው ነው፤ ኤምባሲው ደግሞ ለእጮኛዋ ይነግራታል፤ መብቷን የሚዘረዝር ጽሑፍም ይሰጣታል። ማለትም ቃለ መጠይቁ ላይ የሚሰጣት ወረቀት ዝም ብሎ ቅጽ አይደለም፣ ማንበብ አለባት። አግብታ የምትገኝበት የመጀመሪያ ግሪን ካርድ የ2 ዓመት ነው፤ በዚህ ጊዜ «ካልታዘዝሽኝ አስባርርሻለሁ» የሚል ባል ብዙ ነው። ጥቃት የደረሰባት ሚስት ግን ያለ ባሏ ፈቃድ በራሷ ማመልከት የምትችልበት ሕግ አለ። ይህን ነገር የነገራት እንግዳ ሰው አለ? የለም። እሱ የሚነግራት ስለ ቤቱና ስለ መኪናው ነው።

በወረቀት ብቻ ለመጋባት የሚስማሙትም አሉ። «ብር ከፍለህ ታገባታለህ፣ ከዚያ ትፋታለህ» የሚለው ነገር። ይሄ አሜሪካ ውስጥ እስከ 5 ዓመት እስርና እስከ 250 ሺህ ዶላር ቅጣት የሚያስከትል ወንጀል ነው፤ በሐሰት ጋብቻ የተያዘ አመልካች ደግሞ ወደፊት እውነተኛ ትዳር ቢይዝ እንኳ በቤተሰብ በኩል ቪዛ የማግኘት ዕድሉ ይዘጋል። የሚገርመው ድርድሩ የሚካሄደው በቴሌግራም ነው። ሁሉም ተጽፎ ይቀመጣል።

ለነገሩ ተጎጂው ሁልጊዜ እዚህ ያለው ብቻ አይደለም። ከዚህ ሆኖ ዳያስፖራውን በፍቅር ስም የሚበላም አለ፤ በስደት ሃያ ዓመት ሰርቶ፣ ብቻውን የቀረ ሰው በየወሩ ለማያውቃት «እጮኛው» የቤት ኪራይ ሲልክ የኖረ። እሱም አይናገርም፣ ያፍራል።

ስለ ዲቪ አጭር እንበል። ዲቪ ሲወጣ አሸናፊነቱ የሚታወቀው አመልካቹ ራሱ በኮንፈርሜሽን ቁጥሩ በአሜሪካ ውጭ ጉዳይ መስሪያ ቤት ድረ ገጽ ገብቶ ሲያይ ብቻ ነው። «አሸንፈሃል፣ ብር ላክ» የሚል ኢሜይል ወይ መልእክት ከመንግሥት አይመጣም። የኮንፈርሜሽን ቁጥራችሁን ፎርም የሞላላችሁ ሰው ይዞት ከሆነ ግን ሎተሪው የናንተ ሳይሆን የሱ ነው፤ ደርሷችሁ ሳለ አልደረሳችሁም ሊላችሁ፣ ወይ የማታውቁትን «ሚስት» ካልጨመርክ ወረቀቱን አልሰጥህም ሊል ይችላል። በታህሳስ 2018 ፕሮግራሙ እንዲቆም የትራምፕ አስተዳደር አዟል። በጥር 2018 ደግሞ አሜሪካ ኢትዮጵያን ጨምሮ የ75 አገራት ዜጎችን የኢሚግራንት ቪዛ ማስተናገድ እንደምታቆም አስታውቃለች። ካናዳም በህዳር 2017 አምስት ሰዎች ተሰባስበው ስደተኛ ስፖንሰር የሚያደርጉበትን መስመር አዲስ ማመልከቻ መቀበል አቁማ ነበር።

እና በር በተዘጋ ቁጥር ምን የሚሆን ይመስላችኋል? ሰው መሄድ የሚያቆም አይመስለንም። «እኔ ውስጥ ሰው አለኝ» የሚለው ይበዛል። የተዘጋ በር ለደላላ ገበያ ነው። ዋጋውም ይጨምራል።

ሩሲያንም ሳንጠቅስ አንለፍ። አሶሺየትድ ፕሬስ በመስከረም 2017 መጨረሻ ባወጣው ምርመራ ከ18 እስከ 22 ዓመት ያሉ አፍሪካውያን ሴቶች «የስራና የትምህርት ዕድል» በሚል በማህበራዊ ሚዲያ ማስታወቂያ ተመልምለው፣ ታታርስታን ውስጥ አላቡጋ በሚባል ቦታ የጦር ድሮን እንዲገጣጥሙ መደረጋቸውን አጋልጧል። ማስታወቂያው ስለ ሆቴልና ምግብ ስራ ነበር የሚያወራው። እዚህ ላይ ለየት የሚለው ነገር ማስታወቂያውን ያሰራጩት ተከታይ ያላቸው የቲክቶክ ልጆች ጭምር መሆናቸው ነው። የምናውቀው ፊት ያስተዋወቀውን ነገር አጣርቶ ነው ብለን እናምናለን። ብዙ ጊዜ ግን ተከፍሎት ነው።

አሁን ደግሞ ሌላውን ጎን እንይ፣ ምክንያቱም «ከማታውቁት ሰው ጋር አታውሩ» ብሎ መዝጋት ቀላል ነው፣ ግን ውሸት ይሆናል። ወደ ውጭ የሄደ ሰው ሁሉ ማለት ይቻላል በሆነ ደረጃ በማያውቀው ሰው ተረድቷል። የኤምባሲ ቃለ መጠይቅ ላይ ምን እንደተጠየቀ ግሩፕ ላይ የሚጽፍ ልጅ አለ። የስኮላርሺፕ ደብዳቤ በነጻ የምታርም እህት ጀርመን አለች። ሪያድ ውስጥ አሰሪዋ ደመወዝ የከለከላትን ልጅ የት እንደምትከስ በድምጽ መልእክት የሚያስረዳ ሰው አለ። እነዚህም እንግዶች ናቸው። በጊዜው ባይኖሩ ብዙ ሰው ይጠፋ ነበር።

ታዲያ ልዩነቱ ምን ላይ ነው? እኛ ስናየው ደግነቱ ላይ አይደለም፤ ሁለቱም ደግ ናቸው፣ ሁለቱም «የኔ እህት» ይላሉ፣ የሁለቱም ፕሮፋይል ላይ የቤተ ክርስቲያን ወይ የመስጊድ ፎቶ አለ። ልዩነቱ የነገሯችሁን ነገር ያለ እነሱ ማጣራት መቻላችሁ ላይ ነው። ግሩፕ ላይ የጻፈው ልጅ የነገራችሁ ነገር ውሸት ቢሆን ሌሎች ሃምሳ ሰዎች «እንዴ፣ እኔን እንደዚህ አልጠየቁኝም» ይሉታል። በአደባባይ ነው የተናገረው። ሌላኛው ግን ከግሩፕ ወደ ውስጥ መስመር ይጎትታችኋል፣ ከውስጥ መስመር ወደ ሌላ አፕ፣ እዚያ ደግሞ መልእክቱን የሚሰርዝ ሴቲንግ ያበራል። የድርጅቱን ስም ስትጠይቁት «ሲደርስ ታውቀዋለህ» ይላል። ኮንትራቱን «ኤርፖርት ይሰጥሃል» ይላል። ከሱ ውጭ ሌላ ሰው እንዳትጠይቁ የሚያደርግ ነገር ሁሉ እዚያ ላይ ምልክት ነው።

ሕጉም የሚረዳ ነገር አለው፣ ቢነበብ። በአዋጅ 923/2008 መሠረት በኤጀንሲ ለሚሄድ ሰራተኛ የመግቢያ ቪዛውን፣ የደርሶ መልስ ትራንስፖርቱን፣ የስራና የመኖሪያ ፈቃዱን፣ የመድን ሽፋኑን የሚከፍለው አሰሪው ነው። ሰራተኛው የሚሸፍነው እንደ ፓስፖርት፣ የሕክምና ምርመራ፣ ክትባት፣ የልደት ሰርተፍኬት ያሉትን ነው። ስለዚህ «የቪዛ» ተብሎ ብር የተጠየቀ ሰው ወዲያው አንድ ነገር ያውቃል፦ ወይ ኤጀንሲው ሕግ እየጣሰ ነው፣ ወይ ኤጀንሲ የሚባል ነገር የለም። ካናዳም ተመሳሳይ ነው፤ አሰሪው ሰራተኛ ከውጭ ለማምጣት የሚከፍለውን የ1,000 ዶላር የፈቃድ ማመልከቻ ክፍያ ከሰራተኛው መልሶ መቀበል አይችልም። «የካናዳ ስራ አለ፣ የፈቃዱን አንተ ክፈል» የሚለው ማስታወቂያ በራሱ ቃል ራሱን ያጋልጣል።

እውነቱን ለመናገር ግን ሸክሙን ሁሉ ልጁ ላይ መጣል አይገባም። ፈቃድ ያላቸው ኤጀንሲዎች ዝርዝር፣ ስምምነት የተፈረመባቸው አገራት፣ ክፍያ የማይጠየቅባቸው ነገሮች፣ እነዚህ በአማርኛ፣ በኦሮምኛ፣ በሶማሊኛ፣ በትግርኛ፣ ሰው ስልኩ ላይ በሚያነበው ቅርጽ፣ ደላላው ማስታወቂያ በሚለጥፍበት ፍጥነት መውጣት አለባቸው። ደላላው በቀን አስር ጊዜ ይለጥፋል። የመንግሥት ገጽ በብዛት የሚለጥፈው ኃላፊው ስብሰባ ሲከፍቱ የተነሱትን ፎቶ ነው። በዚህ ፉክክር ማን እንደሚያሸንፍ ግልጽ ነው።

ከምያዋዲ ለተመለሱትም የቀረ ነገር አለ። ኢትዮጵያ የተቀበለችው የፓሌርሞ ፕሮቶኮል ሰው በማታለል ከተወሰደ «ፈቅዶ ነው የሄደው» ማለት እንደማይሰራ ይናገራል። የራሳችንም አዋጅ 1178/2012 በሰው መነገድን በከባድ ወንጀልነት ይቀጣል። ግን የተመለሰ ልጅ ሰፈሩ ሲደርስ የሚጠብቀው «ስንት ይዘህ መጣህ?» የሚል ጥያቄና የአክስቱ ዕዳ ነው። እዚያ እያለ የጻፋቸው ሰዎችም አሉ፤ አንዳንዶቹ ተከትለውት ሄደዋል። ይህን ለማን ይናገራል? ፖሊስ ዘንድ ቢሄድ ተጠቂ ነው ወይስ መልማይ? ይህ ጥያቄ በግልጽ መልስ እስካላገኘ ድረስ ስለ መልማዮቹ ከሁሉም በላይ የሚያውቁት ሰዎች ዝም ብለው ይቀመጣሉ።

ውድ ቤተሰቦቻችን፣ በውስጥ መስመር «ይሄ ሰውዬ ታማኝ ነው?» ብላችሁ ስክሪንሾት የምትልኩልን ሁሉ፣ መላካችሁን ቀጥሉ። የሰውየውን ታማኝነት ከፎቶው አይተን መናገር አንችልም፤ የጠየቀው ክፍያ በሕግ የሚጠየቅ መሆኑን፣ የጠቀሰው የቪዛ ዓይነት ለስራ የሚያገለግል መሆኑን ግን አብረን ማየት እንችላለን። ከታይላንድ፣ ከምያንማር፣ ከካምቦዲያ ወይ ከላኦስ የተመለሳችሁ ወይም እዚያ ያለ ቤተሰብ ያላችሁም ጻፉልን። ስማችሁንም፣ ድምጻችሁንም፣ ከተማችሁንም አናወጣም። መልእክት ስትልኩ የሌላ ሰው ስልክ ቁጥርና ፎቶ ካለበት ሸፍናችሁ ላኩ።